ሙሉው አሥራ አንድ ደቂቃ

ሰው ፍቅር የሚይዘው በሠርግ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ ሲብስ ደግሞ በአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ነው የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሊፍት ውስጥም ይይዛል። እሷን የያዛት እዚያ ነው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል፣ መብራት ጠፍቶ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ። ጨንቋት በሩን ስትደበድብ ከማዶ አንድ የወንድ ድምፅ «አይዞሽ፣ ቁጭ በይ፤ የሚደክመው የቆመ ሰው ነው» አላት። ብሎን እየፈታ ስለ ሊፍት ጠባይ ያጫውታት ጀመር። ሊፍት እንደ አማት ነው አላት፤ ካከበሩት ችግር የለውም፣ ከቸኮሉበት ግን ያኮርፋል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየችው ቅባት ያጠቆራቸውን ጣቶች ነው፤ ቀጥሎ ዓይኖቹን። ዓይኖቹ ያን ሁሉ ሲያወራ የነበረ ሰው አይመስሉም፤ አፍረው መሬት መሬት ያያሉ። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃ መውጣት እርም አለች።

በሊፍቱ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ በላይ፣ የጥገና ካርድ ተሰቅሏል። አራት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ አስተያየት፣ ፊርማ። ሊፍተኛው (ሕንፃው ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራው የለም) በየሳምንቱ ሰኞ ማለዳ መጥቶ ገመዱን፣ ፍሬኑን፣ በሩን ካየ በኋላ ይሞላዋል። በቀጣዩ ሰኞ አስተያየት በሚለው ዓምድ ላይ «በሩ ሰባተኛ ፎቅ ሲደርስ አልዘጋም ይላል። አልፈርድበትም» ብሎ ጻፈ። ሰባተኛ ፎቅ የእሷ ቢሮ ነው። በማግስቱ ከሥሩ በእርሳስ «ዘይት ይቀባ» የሚል ተገኘ። እንዲህ እንዲህ እያለ ካርዱ የሁለት ሰው ደብዳቤ ሆነ። የሕንፃው ዘበኛ በየማለዳው ቀድሞ ያነበውና ለጸሐፊዎቹ ይተርክላቸው ነበር፤ ምን ያድርግ፣ ጋዜጣ የሚገዛለት የለም።

ሰባት ወር እንደዚህ አለፈ። በምሳ ሰዓት ጣሪያው ላይ፣ ከሊፍቱ ሞተር ክፍል አጠገብ ይገናኛሉ፤ የጣሪያው ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው። አርባ ዓመት በአንድ ሱቅ ስለተቀመጠው ልብስ ሰፊ አባቱ አውርቶ አይጠግብም። መጥተሽ ካላየሽው እያለ ሲለምናት፣ እሷ ዛሬ ነገ ስትል ቆይታ በመጨረሻ ለቅዳሜ ቃል ገብታለች። የምትፈራው የሱን አባት አልነበረም፤ ጋሼ የምትለውን የራሷን ወንድም ነው። ጋሼ ወላጆቻቸው ሲሞቱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ትምህርቱን ጥሎ ጡብ ተሸክሞ ያሳደጋት ሰው ነው። እህቴን ለሊፍት ጠጋኝ አላሳደግኳትም እንደሚል ከአሁኑ ይሰማታል።

ሊፍተኛው ስለ ሥራዋ የሚያውቀው ግማሹን ነው። ቪዲዮ እቆርጣለሁ ብላዋለች፤ እሱም የሠርግና የማስታወቂያ መስሎታል። በሩ ላይም የተጻፈው «የማስታወቂያ ሥራ» ነው። ከበሩ ወዲያ ግን ጋሼ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አምስት ገጾች አሉት፤ የአምስቱም ባለቤት አንድ መሆኑን ከቢሮው ውጪ የሚያውቅ የለም። አንደኛው ገጽ የከተማውን ሹሞች ይደግፋል፣ ሁለተኛው ይቃወማል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይሳደባል፣ አራተኛው ይቀልዳል፣ አምስተኛው ያስታርቃል። አምስቱም የሚሠሩት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በእሷ። ጠዋት በአንዱ የለኮሰችውን ጠብ ከሰዓት በሌላው ታራግበዋለች። መቶ ሺህ ሰው እርስ በርሱ ሲሞላለጭ፣ ለሁሉም ድንጋይ የምታቀብለው አንዲት ሻይ የምትጠጣ ልጅ መሆኗን አንዱም አይጠረጥርም።

ጋሼ ሁለት ሕግ አለው። ቪዲዮ ከአርባ ሰከንድ አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ቃል ደግሞ እሳት መሆን አለበት። «እንደምን ዋላችሁ»፣ «በእኔ አስተያየት»፣ «አንዳንዶች እንደሚሉት» የሚባለው ሁሉ ይቆረጣል፤ ሰው እዚያ ላይ ይሰለችና ጣቱን ወደ ሌላ ያንሸራትታል። የቢሮው ልጆች እሷን ቆራጯ ይሏታል። ስሙ ደስ ይላት ነበር።

* * *

ሐሙስ ጠዋት ሊፍተኛው ቀኑ ሳይሆን መጣ። ፊቱ ዳምኗል። የመሣሪያ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ ስልኩን ዘረጋላት።

«አንቺ ባለሙያ ነሽ። ይሄ የት ላይ እንደተቆረጠ ታውቂያለሽ?»

ስልኩ ላይ አንድ ሽበታም ሰው በስብሰባ አዳራሽ መሃል ቆሟል፤ አንገቱ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል። ሳትሰማው በፊት ምን እንደሚል ታውቃለች። «ድሃ በመሃል ከተማ ምን ይሠራል? ይነሳና መንገዱ ይስፋ፤ ከተማውም መልክ ይያዝ።» ከታች በቀይ ፊደል «ጎረቤቶቹን የሸጠው ሽማግሌ» ይላል። ፊደሉን የመረጠችው እሷ ናት፤ ቀዩንም።

ሊፍተኛው፣ አባቴ ነው ብሎ ያስረዳት ጀመር። በመንገድ ማስፋት ሊፈርሱ የነበሩት ሠላሳ አንድ ሱቆች አሉ አይደል፣ አባቱ እዚያ ረድፍ ውስጥ ነው። ለሱቆቹ ሊሟገት ተነስቶ ነው የተናገረው። ቪዲዮው ከወጣ ዘጠኝ ቀኑ፤ ጎረቤት ሰላምታ ነስቶታል፣ የሱቁ መዝጊያ ላይ ቀለም ተቀብቶበታል፣ ደንበኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጨርቃቸውን ይወስዳሉ። አባቱ እንዲህ ያለ ስልክ ስለሌለው ቪዲዮውን አላየም። ያየው የሰዉን ፊት ብቻ ነው።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምን አደረግኳቸው እያለ ይጠይቀኛል» አላት። «የቆረጠውን ሰው ፈልጊልኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

እኔ ነኝ ለማለት አንድ ትንፋሽ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ያን ትንፋሽ አጣችው። እሞክራለሁ አለችው። እሱ እጇን ጨብጦ አመሰገናት፣ ምስጋናው ከስድብ ይልቅ አንገበገባት።

* * *

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ዋናውን ቅጂ ከፈተች። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሽማግሌው ይነሳል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ተሰብሳቢውን እንደምን ዋላችሁ ይላል፣ ደህና መሆናቸውን ሳይሰማ አይቀጥልም። ከዚያ «እንዲህ የሚሉን አሉ» ይልና እሳቱን ይናገራል። ቀጥሎ ያለው ዘጠኝ ደቂቃ ለነዚያ ሰዎች የሰጠው መልስ ነው። ማን መቼ ሱቁን እንደከፈተ፣ የማን ልጅ በየትኛው ሱቅ መደርደሪያ ሥር ተኝቶ እንዳደገ፣ መንገዱ በየት በኩል ቢዞር ማንም እንደማይነካ፣ ሁሉንም በሜትር ለክቶ መጥቶ ነበር።

እዚህ ላይ ላሞካሻት አልፈልግም። የቆረጠችው ቀን ሰምታዋለች። ጠቋሚውን «የሚሉን አሉ» ላይ አቁማ፣ ጋሼ ይሄ እኮ የሌላ ሰው ቃል ነው ብላ ነበር። እሱም ከስልኩ ቀና ሳይል ከ«ድሃ» ጀምሪው አላት። ጀመረችው። ሰከንድ እንኳን አልፈጀባትም። ይህን ለሰው መካድ ትችላለች፣ ለራሷ ግን አልሆነላትም።

ተነስታ ወንድሟ ክፍል ገባችና፣ ያ ልብስ ሰፊ እንደዚያ አላለም፣ ሙሉው ይውጣ አለችው።

ጋሼ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። «አፉ የማን ነው?»

«የሱ።»

«ድምፁስ?»

«የሱ።»

«ታዲያ እኛ ምን ጨመርን?»

«አልጨመርንም፤ ቀነስን።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር። ተቀመጪ ብሎ እንደ ልጅነቷ ያስረዳት ጀመር። ሱቆቹ ለምን ያልፈረሱ ይመስልሻል? ሰዉ በዚያ ቪዲዮ ተቆጥቶ አደባባይ ስለወጣ ነው። ሹሞቹ ደንግጠው ውሳኔውን ያቆዩት የዘጠኝ ደቂቃ ማስረጃ ሰምተው አይደለም፤ አዳራሹ ውስጥ ሲሰሙት ግማሾቹ ያዛጉ ነበር። አንድ ሰው ተሰደበ፣ ሠላሳ አንድ ሱቅ ቆመ። አሁን ሙሉው ቢወጣ ሰዉ ተታለልን ብሎ ይበተናል፣ በወሩ ግሬደር ይመጣል። ያኔ የልብስ ሰፊው ሱቅም አብሮ ይሄዳል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለሽ ይሆናል» አላት። «እስኪነጋ ግን ሱቁ ፈርሶ ያድራል።»

ከሁሉ የከፋው ካለው ግማሹ ልክ መሆኑ ነው። ወንድሟ ዓይን ዓይኗን አይቶ ይህ ሽማግሌ ለአንቺ ምንሽ ነው ሲላት፣ የሊፍተኛው አባት ነው አለችው፤ ሊፍተኛው ምንሽ ነው ብሎ ግን አልጠየቃትም፤ ከፊቷ አነበበው። ከዚያ ያን ጡብ የተሸከመ ሰፊ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሷም የምትወደው ሰው ሁለት መሆኑን፣ የምታጣው ግን ቢያንስ አንዱን መሆኑን ያን ጊዜ አወቀች።

* * *

ቅዳሜ እንደ ቃሏ ሄደች። ሱቁ አንድ በር ነው። የመዝጊያው ቀለም በቤንዚን ታሽቷል፣ ያም ሆኖ «ከሃዲ» የሚለው ይነበባል። ውስጡ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ከኋላ እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ አለ። በመደርደሪያው ላይ የየሰዉ ጨርቅ ልኬቱ በወረቀት ተጽፎ በመርፌ ተወግቶበት ይቀመጣል፤ አሁን ያሉት አራት ብቻ ናቸው። የቀረው መደርደሪያ ባዶ እንጨት ነው።

ሽማግሌው፣ ረድፉ በሙሉ ጋሽ ሜትር የሚለው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ተነስቶ ተቀበላት። ልጁ «አባባ፣ ያልኩህ እሷ ናት» ሲል የድሮው ሳቁ መለስ አለለት።

«ልጄ ሰውን ወደ ላይ ወደ ታች ያመላልሳል» አለ። «አንቺን እዚህ ለማድረስ ግን ሰባት ወር ፈጀበት።»

ሁለቱ ሳቁ። ገና በርጩማው ላይ ከመቀመጧ ማዶ ጫማ የምትሸጠው ሴትዮ ብቅ አለች። ገብታም አልገባች፤ አንድ እግሯን ከደፍ ውጪ አስቀርታ ነው የቆመችው። ያቺን ሰማያዊ ጨርቄን አለች፣ ካልቆረጥካት። ሽማግሌው አልቆረጥኳትም ብሎ አወረደው፣ ወረቀቱን ነቅሎ፣ ጨርቁን በጥንቃቄ አጥፎ ሰጣት። ሴትዮዋ ተቀብላ መሄድ አቃታት።

«ጋሽ ሜትር፣ ያን ቀን አጠገብህ እኮ ነው የተቀመጥኩት። እንደዚያ ማለትህን ጆሮዬ አልሰማም ነበር። ቪዲዮው ላይ ነው ያየሁት።»

«ጆሮሽስ ምን ሰማ?»

አሰበች። «እንጃ። አሁን ጠፋኝ» አለችና ጨርቋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች።

ሊፍተኛው ጥርሱን ነከሰ። ያን የቆረጠውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው አለ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ እሷ ዞረ፣ አገኘሽልኝ ወይ በሚል ዓይን።

«አግኝቻለሁ» አለች። «እኔ ነኝ።»

የስፌት መኪናው የቆመ ነበር፣ ሰዉም የቆመ መሰለ። እያንዳንዱን ነገር ተናገረች፤ አምስቱን ገጽ፣ አርባ ሰከንዱን፣ ቀዩን ፊደል። አባቱ መሆኑን ግን ያኔ አላውቅም ነበር አለች፤ ይህንንም ካለች በኋላ ተጸየፈችው፣ የሌላ ሰው አባት ቢሆንስ?

ሊፍተኛው አልጮኸም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። «ስትቆርጪው ሰምተሽዋል? ‹የሚሉን አሉ› ያለውን?»

አልሰማሁም ብትለው ያምናታል። ዓይኖቹ እንድትለው ሲለምኗት ታያለች። ያን አንድ ቃል ብትሰጠው ምናልባት ዛሬ ማታ ተናዶ ነገ ይቅር ይላት ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለች።

የመሣሪያ ቦርሳውን አነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ጀርባውን እንደሰጣት ቆመ። «በሩ ተዘግቶብሽ ፊቴን ሳታዪ በድምፄ ብቻ አመንሽኝ» አላት። «የአባቴንም ድምፅ ሰምተሽ ነበር።» እና ሄደ። ከኋላው አልሮጠችም።

ሽማግሌው ቁጭ አለ። እስቲ አሳዪኝ አላት። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ አሳየችው፤ ያ ሁሉ ሰው ያየውን ቪዲዮ ባለቤቱ ገና ማየቱ ነው። አርባው ሰከንድ አለቀ። ደግሞ አሳዪኝ አላት። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«እንዲህ ብሎ ለሚናገር ሰው እኔም ሰላምታ አልሰጥም ነበር» አለ።

እያለቀሰች ወንድሟ ያለውንም ነገረችው፤ ሙሉው ከወጣ ሱቆቹ ሊፈርሱ እንደሚችሉ፣ ምን ባደርግ ይሻላል ብላ ጠየቀችው። ሽማግሌው ባዶውን መደርደሪያ ተመለከተ።

«ስትቆርጪ አልጠየቅሽኝም፤ ስትሰፊም አትጠይቂኝ። እኔ አርባ ዓመት ስቆርጥ ስንቴ ተሳስቻለሁ። የሰው ጨርቅ ሳበላሽ ግን ደብቄ አላውቅም። ባለቤቱን ጠርቼ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ይኸው እዚህ ጋ አጥፍቻለሁ እላለሁ። የሚሳደብም ይሳደባል።»

እሷ ያበላሸችው ጨርቅ ባለቤት ማን እንደሆነ አልነገራትም። እሷ ግን ወደ ቤቷ ስትመለስ ስታስበው ባለቤቶቹ ብዙ ሆኑባት፣ ቪዲዮውን ያየ ሁሉ፤ ፈራች።

* * *

ሰኞ ማለዳ ወንድሟ ሳይመጣ ገባች። በሊፍቱ ውስጥ ካርዱን አየች። ሊፍተኛው ቀድሟት መጥቶ ሄዷል። «የተሠራው ሥራ፦ የበር ማስተካከያ። አስተያየት፦ የለም።» ሰባት ወር ያ ዓምድ እንደዚያ ተሞልቶ አያውቅም። ያችን «የለም» በጣቷ ነካቻት፣ ቀለሟ ገና አልደረቀም ነበር።

ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ካሜራውን ወደ ራሷ አዞረች። የጋሼን ሕግ ከመጀመሪያው ቃል አፈረሰች። «እንደምን ዋላችሁ» አለች፣ ዝም ብላ ጠበቀች፣ መልስ እንደሚመጣ ሁሉ። ከዚያ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከሥሩ ጀመረች። «ሆን ብዬ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ሳልሰማ ነው ብል ግን እዋሻለሁ። ሰምቼ ነው የቆረጥኩት» አለች። ሱቆቹን አታፍርሱ የሚለው ቁጣችሁ ልክ ነበር፣ የተቆጣችሁበት ሰው ግን ለእነዚያው ሱቆች ሲሟገት የነበረው ነው አለች። ከዚያ የሽማግሌውን አሥራ አንድ ደቂቃ ሳትነካ አስከተለችና፣ ያ ቪዲዮ በወጣበት በዚያው ገጽ ላይ ለቀቀችው። የአምስቱም ገጽ የይለፍ ቃል እሷ ጋ ነው።

አርባ ሰከንዱን ስምንት መቶ ሺህ ሰው አይቶት ነበር። ይህን እስከ ቀትር ያየው አራት ሺህ አይሞላም። አስተያየቶቹን አንድ በአንድ አነበበች። ረዝሟል፣ ማን ያየዋል አለ አንዱ። ስንት ተከፈለሽ አለ ሌላው። ከሰዓት ላይ ደግሞ አንድ የማታውቀው ገጽ የእሷን ፊት ቆርጦ አወጣው፤ «ሆን ብዬ ነው» ላይ ጀምሮ እዚያው ላይ ያበቃል። ሥራው ንጹሕ ነበር፣ ስፌቱ አይታይም። እሷም ብትሆን ከዚያ የተሻለ አትቆርጠውም። ያን ጊዜ ሽማግሌው ያን ሁሉ ቀን የኖረበት ምን እንደሚመስል በራሷ ቆዳ ላይ ተሰማት።

ጋሼ ሲገባ ሁሉን አይቶ ነው የገባው። አልሰረዘውም፤ ቢሰረዝ ይብሳል፣ ሥራውን ያውቃል። ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?» አላት ቀስ ብሎ። «ሳምንት ሰኞ የቢሮውን ቁልፍ መልሺልኝ።»

እሷም ከአንተ ሌላ ማን አለኝ ልትል ፈልጋ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት።

* * *

ያን ሳምንት በጓደኛዋ ቤት ስልኳን አጥፍታ ነው ያሳለፈችው። ሰኞ ቁልፉን ይዛ ስትመጣ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሳላት፤ ለማንም የማይነሳ ሰው ነው። የመንገዱ ነገር እንደገና በስብሰባ ሊታይ እንደሆነ፣ ረድፉ ይቁም ይፍረስ ገና እንዳልታወቀ፣ ጫማ ሻጯ ግን ሰማያዊ ጨርቋን መልሳ ለጋሽ ሜትር መውሰዷን ነገራት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የዛሬውን ካርድ አላነበብኩም» አላት። «የሰው ነገር ነው ብዬ።»

ሳያነብ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ነውና ፈራች። ሊፍቱ ውስጥ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተክላ እስከ ሰባተኛ ወጣች። «የለም» የምትለዋን ቃል ሁለተኛ ጊዜ የምትችልበት ጉልበት አልነበራትም። ወንድሟ ቁልፉን ተቀበላት፤ ዓይኗን አላያትም። ፊቷን አዙራ ስትወጣ ግን ከኋላዋ «ብርድ ነው፣ ኮትሽን ቆልፊ» አላት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ሲሸኛት እንደሚላት። ቆለፈችው። ጣቶቿ እስኪሳሳቱ ድረስ አለቀሰች።

ሊፍቱ መጣ፣ ገባች፣ የምድር ቤቱን ቁልፍ ተጫነች። ያኔ ዓይኗ ሳታዘው ወደ ላይ ሄደ።

«ቀን፦ ሰኞ። የተሠራው ሥራ፦ ምንም አልሠራሁም። አስተያየት፦ ሙሉውን አየሁት። አልተሻለኝም። ደግሜ አየሁት። ‹ሰምቻለሁ› ባትዪኝ ኖሮ አምኜሽ እኖር ነበር፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን እንጃ። ሦስተኛውን ብቻዬን ማየት አልፈልግም።»

ፊርማው ላይ የቅባት ጣት አሻራ አለበት። ጣሪያው ላይ ይሁን፣ ምድር ቤት ይሁን፣ የት እንደሚጠብቃት አልጻፈም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለም። እሷም ይህን ሁሉ አይታዋለች፣ ፈርታለች፣ በዚያው ልክ ደግሞ ደስታው ደረቷን ሊያፈነዳው ደርሷል፤ ሁለቱን መለየት አልቻለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ነገር ሳትዘል፣ ከቀኑ እስከ ፊርማው፣ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው።

በሩ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አልዘጋም አለ።